የጀግናው የመጨረሻ ፍልሚያ፦ ከሜትሮፖሊስ እስከ ሹመይሲ



እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1992 አሜሪካ ውስጥ በኮሚክ መጻሕፍት ሱቆች ደጃፍ ረጅም ሰልፍ ታየ። ሰዉ የተሰለፈው የሱፐርማንን ሞት ለመግዛት ነበር። ከ1938 ጀምሮ ጥይት የማይበሳው፣ ባቡር የማይገፋው ጀግና «ዱምስዴይ» ከተባለ አውሬ ጋር በሜትሮፖሊስ ጎዳና ላይ ተፋልሞ ወደቀ። ወሬውን ጋዜጣውም ቴሌቪዥኑም ተቀባበለው፤ እትሙም በሚሊዮኖች ተሸጠ።

ከሞቱ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን አሣሣሉ ነው። ወደ ፍጻሜው ያደረሱት አራት እትሞች የሥዕል ሣጥኖቻቸውን እየቀነሱ ሄዱ። በመጀመሪያው እትም እያንዳንዱ ገጽ አራት ሣጥን ነበረው፤ በሁለተኛው ሦስት፣ በሦስተኛው ሁለት ሆነ። አራተኛው፣ ማለትም «ሱፐርማን» ቁጥር 75፣ በየገጹ አንድ ትልቅ ሥዕል ብቻ ይዞ ወጣ። አንባቢው ሣጥኑን ቁጭ ብሎ አይቆጥርም፤ ሆኖም ገጹን የሚገልጥበት ፍጥነት እየጨመረ፣ ትንፋሹም እያጠረ ይሄዳል።

የዛሬው ዲስኩር ርእስ ይኸው ነው፤ ልዕለ ጀግኖች የመጨረሻ ፍልሚያቸውን የሚገጥሙባቸው የኮሚክ ታሪኮችና መድብሎች። ጅዳና መካ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ነገሩ ሩቅ ይመስል ይሆናል። ሆኖም በእነዚህ ሁለት ከተሞች ዙሪያ፣ በእስልምና ትውፊት መሠረት፣ ታላቅ ፍልሚያ ሊደረግ ሁለት ጊዜ ተቃርቦ ሁለቱንም ጊዜ ሳይደረግ ቀርቷል። አንደኛውን ያስነሣው ከሐበሻ የመጣ የጦር አለቃ ነው። ሁለተኛው የተቋጨው ደግሞ እዚሁ ሹመይሲ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ጥበቡ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የአሜሪካ ኮሚክ አንድ የማይፈታ ችግር አለበት፤ ታሪኩ ማለቅ አይችልም። በየወሩ የሚሸጥ ጀግና ከሞተ ገበያውም አብሮት ይሞታል። ስለዚህ በ1992 የተቀበረው ሱፐርማን በ1993 ተመልሶ መጣ። እውነተኛ ፍጻሜ መጻፍ የፈለጉ ደራስያን መውጫ ያገኙት ከመደበኛው ተከታታይ ውጭ ነው። «ይህ ወደፊት ሊሆን የሚችል ነው» ወይም «ይህ በሌላ ዓለም የሆነ ነው» እያሉ ለብቻቸው የሚቆሙ መጻሕፍት አዘጋጁ። ከዚያም በአንድ የጋራ ርእስ ሥር እያንዳንዱ ጀግና የመጨረሻ ቀኑን የሚገጥምባቸው መድብሎች መጡ። የማርቭል ኩባንያ «ፍጻሜው» በሚል ርእስ በ2002 የሀልክን የመጨረሻ ቀናት አሳተመ፤ ደራሲው ፒተር ዴቪድ፣ ሠዓሊው ዴል ኪዮን ነበሩ። ያ ግዙፍ አረንጓዴ ሰው በምድር ላይ ብቻውን የቀረ ፍጡር ሆኖ ይታያል፤ የሚመታው ጠላት አጥቷል። በ2020 ኩባንያው በዚሁ ርእስ የካፕቴን አሜሪካን፣ የዶክተር ስትሬንጅን፣ የቬነምንና የሌሎችንም ፍጻሜ በልዩ ልዩ ደራስያን አስጽፎ አወጣ።

ከእነዚህ ሥራዎች መካከል የትኞቹ እንደኖሩ ማየት ያስተምራል። ጂም ስታርሊን በ1982 «የካፕቴን ማርቭል ሞት»ን ሲያዘጋጅ ጀግናውን የገደለው በካንሰር ነው። ከዋክብትን የሚያንቀጠቅጡ ጓደኞቹ አልጋው ዙሪያ ቆመዋል፤ አንዳቸውም የሚያደርጉት የለም። ስታርሊን የገዛ አባቱን በዚሁ በሽታ ያጣ ሰው ነበር። በ1986 አለን ሙር ለነባሩ ሱፐርማን የስንብት ታሪክ ጻፈለት። ጀግናው እስከ መጨረሻው ታግሎ ያሸንፋል፤ ነገር ግን በትግሉ መካከል ሰው ላለመግደል የገባውን ቃል ስላፈረሰ ኃይሉን በገዛ ፈቃዱ ይጥላል። ማርክ ዌይድና አሌክስ ሮስ በ1996 ያወጡት «ኪንግደም ካም» ደግሞ የጀግኖችን የእርስ በርስ እልቂት የሚያስተርከው ባንድ ሽማግሌ ሰባኪ ነው። ሮስ ያን ሰባኪ ሲስል የተጠቀመው የአባቱን መልክ ነው፤ አባቱም እውነተኛ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበሩ።

ተራው ኮሚክ ማን እንደሚያሸንፍ ያስጠብቃል። እነዚህ የኖሩት ግን ክንዱ የማይፈይድበት ሰዓት ሲመጣ ጀግናው ምን እንደሚያደርግ ያሳያሉ። የስታርሊን ጀግና ሞቱን ይቀበላል፣ የሙር ጀግና ኃይሉን ይጥላል። በዚህ መለኪያ ሲታይ የመካና የጅዳ መንገድ ለዚህ ጥበብ ሀብታም ምድር ነው።

በ2021 «አር-ሪሕላ»፣ በአማርኛ «ጉዞው»፣ የተሰኘ የአኒሜሽን ፊልም ለእይታ በቃ። የሠሩት የሳዑዲው ማንጋ ፕሮዳክሽንስና የጃፓኑ ቶኤይ አኒሜሽን ናቸው፤ ዳይሬክተሩ ኮቡን ሺዙኖ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በስድስተኛው መቶ ዘመን መካ ላይ ነው። አብርሃ የተባለ ገዥ ዝሆን ያሰለፈ ጦር ይዞ ከየመን ወደ ካዕባ ይገሠግሣል። አውስ የሚባል ሸክላ ሠሪ፣ የሚደብቀው ያለፈ ታሪክ ያለው ሰው፣ ከተማውን ለመከላከል ከወገኖቹ ጋር ይሰለፋል። የፊልሙ አወቃቀር መድብል ነው። ዋናው ፍልሚያ እስኪደርስ ሌሎች ታሪኮች በመካከሉ ይተረካሉ፤ የኖኅ መርከብ፣ የሙሴ ሕዝብ ከግብፅ መውጣት፣ የኢረም ከተማ ጥፋት። ፍልሚያን የሚጠብቅ ሰው ከፊቱ የነበሩትን ፍልሚያዎች እያስታወሰ ወኔውን ያነሣሣል።

ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ይህ ፊልም ልዩ ፈተና አለው። ባላጋራው የአገሩ ሰው ነው። አብርሃ ንጉሥ ካሌብ የመንን ካስገበረ በኋላ በዚያ ሥልጣኑን በእጁ ያስገባ የአክሱም ጦር መሪ ነበር። ከአፈ ታሪክ ውጭ በድንጋይም ላይ አለ። በ548 የማሪብን ግድብ ማስጠገኑን የሚናገር የሳባ ጽሕፈት አስቀርጿል፤ በዚያው ጽሕፈት ከሐበሻው ንጉሥ፣ ከሮምና ከፋርስ መልእክተኞች እንደተቀበለ ይናገራል። በ552 የተቀረጸ ሌላ ጽሕፈት ደግሞ በመካከለኛው አረቢያ በነገዶች ላይ መዝመቱን ይመሰክራል። ሰንዓ ውስጥ ያሠራት ቤተ ክርስቲያን በአረብ ጸሐፊዎች ዘንድ አል-ቀሊስ ተብላ ስትወሳ ኖራለች። ማለትም በፊልሙ ላይ እንደ ጥላ የሚያጠላው ሰው ግድብ ያስጠገነ፣ መልእክተኛ የተቀበለ፣ ድንጋይ ያስጻፈ ገዥ ነው። ኮሚክ ጥሩ ባላጋራ ይፈልጋል፤ ጥሩ ባላጋራ ደግሞ የራሱ ምክንያት ያለው ሰው ነው።

ፊልሙና ትውፊቱ የሚለያዩበት ነጥብ ከሁሉ ይበልጥ ትኩረት ይሻል። ቁርኣን በ105ኛው ምዕራፍ፣ በአምስት አንቀጽ ብቻ፣ የዝሆኑን ባለቤቶች ፍጻሜ ያነሣል። የሲራ መጻሕፍት እንደሚተርኩት የመካ ሰዎች አልተዋጉም። የከተማው አለቃ አብዱል ሙጦሊብ ወደ አብርሃ ሰፈር ሄዶ የተዘረፉበትን 200 ግመሎች ጠየቀ። አብርሃ ስለ ካዕባ ሳይሆን ስለ ግመል በመጠየቁ ሲደነቅበት፣ እሱ የግመሎቹ ባለቤት እንደሆነ፣ ቤቱም የሚጠብቀው ባለቤት እንዳለው መለሰለት። ከዚያም ሕዝቡን ይዞ ወደ ተራሮቹ ወጣ። ማሕሙድ የተባለው ዝሆን ወደ መካ አልሄድም ብሎ ተንበረከከ፤ ወደ የመን ሲያዞሩት ግን ተነሥቶ ይሮጣል። ቀሪውን ሥራ ድንጋይ የያዙ ወፎች ፈጸሙት።

ጃፓናዊው ዳይሬክተር ይህን እንዳለ ቢስለው ጀግናው ተራራ ላይ ሆኖ ተመልካች ሊሆን ነው። የድርጊት ፊልም ያንን አይሸከምም። ስለዚህ አውስ ተፈጠረ፣ ሰይፍ ተመዘዘ፣ ሰልፍ ተሠራ። ውሳኔው ለፊልሙ ጠቅሞታል፤ ከትውፊቱ ግን አንድ ብርቅ ነገር ቀንሷል። ግመሎቹን የሚጠይቀው ሽማግሌ፣ የማይረባውን ክርክር ትቶ የሚችለውን ብቻ የሚያደርግ ሰው፣ ከማንኛውም ሰይፍ መዛዥ የበለጠ ለሥዕል የሚመች ገጸ ባሕርይ ነው።

አሁን ወደ ሹመይሲ። ከመካ በስተ ምዕራብ፣ በአሮጌው የጅዳ መንገድ ላይ ያለው ይህ ሥፍራ ጥንት ሑደይቢያ ይባል ነበር። በ628፣ በሂጅራ በስድስተኛው ዓመት፣ ነቢዩ ሙሐመድ 1,400 ያህል ተከታዮቻቸውን ይዘው ለዑምራ ከመዲና ተነሡ። የመካ ሰዎች የሆኑት ቁረይሾች እነርሱ እንዳይገቡ መንገዱን ዘጉ። ቀስዋ የተባለችው ግመላቸው ሑደይቢያ ላይ ስትደርስ ተንበርክካ አልነሣም አለች። ሰዎቹ ግመሏ አመፀች ሲሉ፣ ነቢዩ ያቆማት ዝሆኑን ያቆመው ራሱ መሆኑን እንደተናገሩ የሐዲስ መጻሕፍት ዘግበዋል። የአብርሃ ታሪክና የሹመይሲ ታሪክ በዚህ ይያያዛሉ።

ቀጥሎ የሆነው ሁሉ ለኮሚክ ሠዓሊ እንደተዘጋጀ ነው። የነቢዩ ባልደረባ ዑሥማን ወደ መካ ተላኩ፤ ተገደሉ የሚል ወሬ መጣ። ተከታዮቹ በአንዲት ዛፍ ሥር እስከ መጨረሻው ለመጽናት ቃል ገቡ። ይህ ገጽ በማንኛውም የአሜሪካ መድብል ውስጥ የፍልሚያው ዋዜማ ነው፤ ቀጣዩ ገጽ ጦርነት መሆን አለበት። ቀጣዩ ገጽ ላይ ግን ሱሀይል ኢብን ዐምር የሚባል የቁረይሾች ተደራዳሪ ውል ሊያጽፍ ተቀመጠ። በውሉ አናት ላይ «የአላህ መልእክተኛ» የሚለው እንዳይጻፍ ተከራከረ፤ ነቢዩ ተቀበሉ። የ10 ዓመት ሰላም፣ በዚህ ዓመት ተመልሶ መሄድ፣ በሚቀጥለው ዓመት ለሦስት ቀን ብቻ መግባት፣ ከመካ ሸሽቶ የመጣን ሰው መመለስ። ውሉ ገና ተጽፎ ሳያልቅ የሱሀይል የገዛ ልጅ አቡ ጀንደል በሰንሰለት እንደታሰረ እየተጎተተ ደረሰና ተቀበሉኝ አለ። በውሉ መሠረት ተመለሰ። ዑመርን ጨምሮ ብዙዎች ተቆጡ፤ እንደ ሽንፈት ቆጠሩት።

ሕዝቡ ከማዘኑ የተነሣ መሥዋዕቱን እንዲያርድ ጠጉሩንም እንዲላጭ ሲታዘዝ ማንም አልተነሣም። መውጫውን ያገኘችው የነቢዩ ባለቤት ኡሙ ሰለማ ነበረች። ለማንም አንድ ቃል ሳይናገሩ ወጥተው የራሳቸውን መሥዋዕት እንዲያርዱና እንዲላጩ መከረቻቸው። እንዳለችው ሲያደርጉ ሰዉ ሁሉ ተከተለ። ይህቺ ሴት ከመጀመሪያ ባሏ ከአቡ ሰለማ ጋር ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት የመጀመሪያ ሙስሊሞች አንዷ ናት፤ በሐበሻው ንጉሥ በነጋሺ ጥላ ሥር የኖረች። ቁርኣን በ48ኛው ምዕራፍ ያን ቀን ድል ብሎ ጠራው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ በ630 መካ ያለ ታላቅ ውጊያ ተከፈተች።

አለን ሙር ለሱፐርማን ያደረገውን ያህል፣ ጀግናው በመጨረሻው ሰዓት የሚተወው ነገር ፍልሚያውን የሚወስንበት ታሪክ እዚህ በር ላይ አለ ማለት ነው። አብዛኛው የእስልምና ትምህርት የነቢዩን ምስል መሣል ስለሚከለክል ሠዓሊው ብልሃት ያስፈልገዋል። ሙስጠፋ አቃድ በ1976 «አር-ሪሳላ» የተሰኘውን ፊልም ሲቀርጽ ነቢዩን አላሳየም፤ ካሜራው በእርሳቸው ዓይን ቦታ ቆሞ ሌሎች ወደ ካሜራው ይናገራሉ። የኮሚክ ሣጥንም ይህን ማድረግ ይችላል፤ ተደራዳሪው ሱሀይልና ውሉ ይታያሉ፣ የግመሏ ጉልበትና የዛፏ ግንድ ይታያሉ።

አካባቢው ለዚህ ጥበብ አዲስ አይደለም። ኩዌታዊው የሥነ ልቡና ባለሙያ ናይፍ አል-ሙጠዋ በ2006 «ዘጠና ዘጠኙ»ን ማሳተም ጀመረ። በ1258 ሞንጎሎች ባግዳድን ሲያጠፉ የቤተ መጻሕፍቷ ጥበብ በ99 ዕንቁዎች ውስጥ ተጠብቆ በዓለም ተበተነ የሚል መነሻ አለው። ዕንቁውን ያገኙት ወጣቶች ከልዩ ልዩ አገር ናቸው፤ ኃይለኛው ጀባር የሳዑዲ፣ የምትሰወረው ባጢና የየመን ልጅ ናት። በ2010 ከሱፐርማንና ከባትማን ጋር በአንድ ታሪክ ውስጥ ተገናኝተዋል። ሆኖም ጀግኖቹ የአላህን ስሞች ይዘዋል ተብሎ በ2014 የሳዑዲ ዋና ሙፍቲ አወገዙት። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በፌብሩዋሪ 2017፣ ጅዳ የአገሪቱን የመጀመሪያ የኮሚክ አፍቃሪዎች ጉባኤ፣ ኮሚክ ኮንን፣ አስተናገደች። በ2021 ደግሞ ማንጋ አረቢያ በአረብኛ መጽሔት ማሳተም ጀመረ። ጅዳ ውስጥ የሚያድግ የኢትዮጵያዊ ልጅ ዛሬ ማንጋን፣ የጃፓንን ኮሚክ፣ በአረብኛ ማንበብ ይችላል።

በአማርኛስ ምን አለ? በኮሚክ መልክ ጥቂት ነው፤ በመንፈሱ ግን ኢትዮጵያ የመጨረሻ ፍልሚያን መድብል ከማርቭል በፊት አዘጋጅታለች። ባለታሪኩ አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ቲያትር ጻፉላቸው። ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በመድረክ አነሣቸው። ብርሃኑ ዘሪሁን በ1958 ዓ.ም. «የቴዎድሮስ ዕንባ»ን፣ አቤ ጉበኛ ደግሞ «አንድ ለናቱ»ን አወጡ። አንድ ጀግና፣ አንድ የታወቀ ፍጻሜ፣ ብዙ እጅ። አንባቢው መጨረሻውን አስቀድሞ ያውቃል፤ መጽሐፉን የሚገዛው ይኸኛው ደራሲ ወደዚያ እንዴት እንደሚያደርሰው ለማየት ነው። የ«ፍጻሜው» መድብሎች ምሥጢርም ይኸው ነው።

የቴዎድሮስን የመጨረሻ ምሽግ የመቅደላን ቀናት በሣጥን በሣጥን መከፋፈል አያስቸግርም። ጋፋት ላይ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ያቀለጡት ሴባስቶፖል መድፍ፣ ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን፣ በሰው ጉልበት ተራራ ይወጣል። ስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በአሮጌ ሜዳ የእንግሊዝ ሮኬትና አዲስ ጠመንጃ ጦሩን ያጭደዋል፤ ፊታውራሪ ገብርዬ ይወድቃሉ። ንጉሡ የአውሮፓ እስረኞችን ይለቃሉ፣ ለእንግሊዙ ጦር አዛዥ ለጄኔራል ናፒየር የፋሲካ ከብት ይልካሉ። ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግስት፣ በሩ ሲሰበር ንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ያጠፋሉ።

ጥሩ ሠዓሊ አንድ ገጽ መዝለል የለበትም። ከስቅለት በፊት በነበረው ሐሙስ ንጉሡ ብዙ ኢትዮጵያውያን እስረኞችን አስገድለው ወደ ገደል አስጥለዋል። ያ ገጽ ከሌለ የመጨረሻው ሽጉጥ ክብር ብቻ ይሆናል። ካለ ግን አንባቢው በአንድ ሰው ውስጥ ሁለት ሰው ያያል፤ ስታርሊንና ሙር የፈለጉት ይህን ዓይነት ክብደት ነበር። ታሪኩ ደግሞ በሞቱ አያበቃም። የንጉሡ ልጅ ልዑል አለማየሁ በ7 ዓመቱ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ ሞቶ ዊንድዘር ተቀበረ። ከንጉሡ ራስ ላይ የተቆረጠው ጠጉር ከ150 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ከለንደን ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። አሜሪካዊ ደራሲ ቢሆን ይህን «ከፍጻሜው በኋላ» ብሎ ሌላ እትም ያደርገው ነበር።

የሣጥን ሥዕልም ቢሆን ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ታሪክ በ44 ሣጥኖች ተከፋፍሎ፣ በየሣጥኑ ግርጌ አማርኛ ተጽፎበት፣ በጨርቅ ላይ ሲሣል ኖሯል። የዓድዋ ሥዕል ደግሞ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.ን በአንድ ሙሉ ገጽ የሚያሳይ ነው፤ ግራና ቀኝ ሁለት ጦር፣ ንጉሠ ነገሥቱ፣ እቴጌዪቱ፣ ከላይ ከሰማይ ቅዱስ ጊዮርጊስ። በዚህ ሥዕል ጥንታዊ ሕግ ይሠራል። ወገን በሙሉ ፊቱ፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል። ጠላት በጎኑ፣ ባንድ ዓይኑ ይሣላል። ተመልካቹ ማንበብ ባይችል እንኳን ማን ማን እንደሆነ በአንድ ዕይታ ይለያል።

የዘመኑን ኮሚክ ደግሞ ብሥራት ደበበ የመሠረተው ዕጣን ኮሚክስ ይዞት መጣ። እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተመ፤ በዓመቱ ሴት ልዕለ ጀግና «ሃዊ» ተከተለች። የጀምበር ባለታሪክ አማኑኤል ጥላሁን ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ነው። ኃይል ያገኘው ሥራ ሲፈልግ ነው። ሱፐርማን ከሌላ ፕላኔት፣ ባትማን ከሀብታም ቤት ወጡ፤ ጀምበር የወጣው ከሥራ ፈላጊ ሰልፍ ነው። የሹመይሲን ስም የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ያንን ሰልፍ ያውቀዋል።

ምክንያቱም ሹመይሲ ዛሬ ሌላ ታሪክም አለው። ከአገር የሚባረሩ ስደተኞች ተራቸውን የሚጠብቁበት ማቆያ በዚያ ይገኛል። ከኖቬምበር 2013 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከ2017 በኋላ እንደገና በመቶ ሺህዎች ተመለሱ። በማርች 2022 የሁለቱ አገሮች መንግሥታት ከ100,000 በላይ ሰዎችን ለመመለስ ተስማሙ። አብዛኛው የመጣበት መንገድ የታወቀ ነው፤ ከኢትዮጵያ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ የመን፣ ከየመን በእግር ወደ ሰሜን። አብርሃ ዝሆን ይዞ ወደ ሰሜን ከተጓዘበት ምድር ብዙም አይርቅም።

ይህን በኮሚክ የሚስል ሰው ሁለት ወጥመድ ይጠብቀዋል። አንደኛው ተመላሹን ካባ አልብሶ ልዕለ ጀግና ማድረግ ነው፤ እጁ ላይ የሚንቦገቦግ ብርሃን ስሎ ግድግዳ ማስፈረስ። ያ ለአንድ ገጽ ደስ ያሰኛል፣ ከዚያ ባዶ ይሆናል። ሁለተኛው ወጥመድ መከራውን ብቻ መሣል ነው፤ የተጨናነቀ ክፍል፣ ያጎነበሰ ራስ። ይህም ሰውየውን ከታሪኩ ባለቤትነት ያወጣዋል። «የካፕቴን ማርቭል ሞት» በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ያሳያል። ኃይል በማይሠራበት ክፍል ውስጥ ሰዎች ለሰዎች ምን ያደርጋሉ? ስልክ ያዋሰ ማን ነው? ለታመመ ሰው ውኃ ያቀበለ ማን ነው? ደብዳቤ የጻፈላቸው፣ የአረብኛውን ማስታወቂያ የተረጎመላቸው ማን ነው? የእውነተኛ ሰዎች ፊትና ስም ግን መለወጥ አለበት፤ የተመለሰ ሰው ሳይጠየቅ በመጽሐፍ ገጽ ላይ ራሱን ማየት የለበትም።

እንዲህ ያለ መድብል ሊዘጋጅ ይችላል። ግመሎቹን የጠየቀው የአብዱል ሙጦሊብ ታሪክ፤ የሑደይቢያው ውልና የኡሙ ሰለማ ምክር፤ የመቅደላ ሐሙስና ማግስተ ፋሲካ፤ የዓድዋ ሙሉ ገጽ፤ የአማኑኤል ጥላሁንን የመሰለ ሥራ ፈላጊ ወጣት፤ በሹመይሲ የተራ መጠበቂያ ክፍል አንድ ሌሊት። እያንዳንዱ በሌላ ደራሲና በሌላ ሠዓሊ እጅ። ከሱፐርማን የተማሩትን የሣጥን ብልሃት በግልባጭ ቢጠቀሙበትም ይሆናል። የሑደይቢያው ታሪክ በየገጹ አንድ ሥዕል ይዞ ይጀምርና ድርድሩ ሲጠብቅ ሣጥኑ እየበዛ፣ የመጨረሻው ገጽ በትናንሽ የእጅ፣ የብዕር፣ የፊት ሥዕሎች ሊሞላ ይችላል። ፍልሚያ ሲመጣ ገጹ ይሰፋል፤ ውል ሲጻፍ ግን ዓይን ወደ ዝርዝሩ ይቀርባል።

አንድ ያልተፈታ ጉዳይ ለውይይት ይቅረብ። በመጀመሪያው ታሪክ አብርሃ ይሣላል። በጎኑ፣ ባንድ ዓይኑ ቢሣል በጥንቱ የሥዕል ሕግ ጠላት ሆነ ማለት ነው፤ ጅዳ ተወልዶ ያደገ ሙስሊም ኢትዮጵያዊ ልጅ ይህ ልክ ነው ሊል ይችላል። በሙሉ ፊቱ፣ በሁለት ዓይኑ ቢሣል የማሪብን ግድብ ያስጠገነው የአክሱም ሰው ወደ ወገን ረድፍ ገባ፤ ጎንደር ያደገ ክርስቲያን ልጅ ደግሞ ይህን ሊመርጥ ይችላል። ሁለቱ ልጆች መድብሉን ጎን ለጎን ተቀምጠው የሚያነቡት ከሆነ ሠዓሊው የትኛውን መረጠ፣ ስለ ምን መረጠ የሚለውን ከመሣሉ በፊት መመለስ ይኖርበታል። ከታዳሚው መካከል የሚስል ሰው ካለ፣ አስተያየቱን ከእርሱ መስማት ብንጀምር መልካም ነው።